የወገብ ፕላስተር

ፕላስተሩ የሚቀየረው ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት መታጠቢያ ቤት ትገባለች፤ በሩን ትቆልፋለች፤ ያለፈውን ሳምንት ከዳሌዋ ላይ ልጣ ትጥላለች፤ አዲሱን በሌላው ጎን ትለጥፍና መዳፏን ጫን አድርጋ እስከ አሥር ትቆጥራለች። መጠኑ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። ካርቶኑ ላይ «የቆዳ ቀለም» ይላል፤ የማን ቆዳ እንደሆነ ግን አይናገርም። ሦስት ሳምንት እንዲህ ትከርምና አራተኛውን ሳምንት ባዶዋን ትሆናለች። በዚያ ሳምንት ደሟ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከዚያ ማክሰኞ ይደርሳል። በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ አንድም ማክሰኞ አልረሳችም። ምድጃ ሳታጠፋ ወጥታ ታውቃለች፤ በሁለት እግሯ የተለያየ ጫማ አድርጋ ሥራ ቦታ ደርሳ ታውቃለች። ማክሰኞን ግን አልረሳችም።

የወሊድ መከላከያ መሆኑን ቤት ውስጥ ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ባሏ የወገብ ሕመም ፕላስተር ይመስለው ነበር።

እንዲመስለው ያደረገችው አስባበት አይደለም። አንድ ቀን ልብስ ስትቀይር ድንገት ገብቶ አየው።

«ወገብሽን ያምሻል እንዴ?» አላት።

«አዎ» አለች።

«ይሄ ቆሞ የመዋል ነገር ነው» አለና ወገቧን አሸት አሸት አድርጎላት ወጣ። ነገሩ ይኸው ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን ከመጀመሪያውም አልከበዳትም። በዚያ ዘመን የሚከብዳት ነገር አልነበረም፤ የሚቀላትም እንደዚሁ።

የምትሠራው አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ የልብስ ንጽሕና ክፍል ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። በአንድ በኩል ማጠቢያዎቹ ይጮኻሉ፣ በሌላ በኩል ማድረቂያዎቹ ይሽከረከራሉ፤ እሷ መካከል ላይ የእንፋሎት ካውያ ይዛ ቆማ የእንግዶችን ሸሚዝ ትተኩሳለች። የክፍሉ ሰዎች «ተኳሿ» ይሏታል። «ዛሬ ስንት ጣልሽ?» ይላታል የልብስ ጋሪ የሚገፋው ሰውዬ በየቀኑ። «ሰባ» ትለዋለች። «አንበሳ!» ይላል። ቀልዱ አምስት ዓመት ያገለገለ ነው፤ ማንም አይስቅበትም፤ የቀረ ዕለት ግን ሁሉም ቅር ይለዋል።

መጀመሪያ ክንዷ ላይ ነበር የምትለጥፈው። በእንፋሎቱ ብዛት ጠርዙ እየተላቀቀ፣ የጨርቅ ብናኝ እየያዘ፣ ዙሪያውን ጥቁር መስመር ይሠራ ጀመር። ፋርማሲስቷን ጠየቀቻት። «ላብ የማይበዛበት ቦታ አድርጊው» አለቻት፤ «ቅባትም አትቀቢ። ተላቆ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ አይጠብቅሽም።» ስለዚህ ወደ ዳሌዋ አወረደችው። በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ካውያው የእጇ አንጓ ላይ አርፎ ኖሮ፣ አንሶላ የምታጥፈው ባልደረባዋ ጮኻ እጇን እስክታነሳላት ድረስ አላወቀችም። ባልደረባዋ ስታለቅስ፣ የተቃጠለችው እሷ ቆማ ታጽናናት ነበር።

ልጇ የሞተችው ገና ሆዷ ውስጥ ሳለች ነው። ስምንተኛ ወሯን ልትጨርስ አራት ቀን ሲቀራት ሆዷ ዝም አለ። ተኝታለች ብላ ጠበቀች። ምሳ በላች፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጣች፣ በግራ ጎኗ ተጋደመች። ሐኪም ቤት ስትደርስ የምርመራውን ማሽን የያዘችው ሴት ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረችው፤ ያን ጊዜ ገባት። ማማጡ አልቀረላትም፤ አሥራ አንድ ሰዓት አማጠች። ከዚያ በኋላ ያለውን እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ነው የምታስታውሰው። ቤቷ በሰው ሲሞላና ሰው ከአንጀቱ ሲያለቅስ፣ እሷ ለአልቃሾቹ ውሃ ትቀዳ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ለምርመራ ስትመለስ ሲስተሯ «ሰውነትሽ ይረፍ፤ ቢያንስ ስድስት ወር እንዳታረግዢ» አለቻት። ኪኒን በየቀኑ ማስታወስ አለው። መርፌውን ደግሞ በዚያ ሰሞን ከበቂ በላይ ተወግታለች። «እንግዲያው ይሄ አለ» ብላ ሲስተሯ ትንሿን ካርቶን አሳየቻት። ስድስት ወሩ አለፈ። ማቆም ነበረባት፣ አላቆመችም። ፈርታ ነው እንዳይባል ፍርሃት አልተሰማትም። ማክሰኞ ሲመጣ እጇ ካርቶኑን ይከፍታል፤ በቃ።

አማቷም እዚያው ቤት ነበሩ። «አራስ ላርስ» ብለው ሁለት ሻንጣ ይዘው የመጡት ልጅቷ ከመሞቷ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። የሚታረስ አራስ ጠፋ። «ይሂዱ» የሚላቸው አልነበረም፤ እሳቸውም «ልሂድ» አላሉም። ሳሎን ካለው ሶፋ ላይ ሃያ ወር ተኙ። ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጥርሳቸው ሙሉ፣ አፋቸው ዕረፍት የማያውቅ፣ ጉልበታቸው ግን የከዳቸው ሴት ናቸው። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም፣ ደረጃው ሃምሳ አራት ነው። በየእርከኑ ቆም እያሉ አንድ ሰው ይረግማሉ። «ይሄን ፎቅ የሠራው ሰውዬ እናት የለውም» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን የታጠበ ልብስ እያጣጠፉ «ልጄ» አሏት፣ «ያ የወገብሽ ፕላስተር ለጉልበት አይሆንም?»

«አይሆንም እማማ። ለኔ ተብሎ የታዘዘ ነው።»

«ሕመም ሕመም ነው። ወገብና ጉልበት ጎረቤት አይደሉ? ምን ያጣላቸዋል?»

«ለእርስዎ የጉልበት ገዝቼ አመጣልዎታለሁ።»

ይህን ያለችው ከልቧ ነበር። ግን ረሳችው። ማክሰኞ ያልሆነ ነገር ሁሉ ይረሳት ነበር።

አማቷ ሦስት ሳምንት ጠበቁ። ከዚያ ለልጃቸው ነገሩት። ልጃቸው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሰው ሲጋፋው የማይሳደብ፣ አሮጊት ስትሮጥ አይቶ በሩን የሚከፍት ዓይነት። ለእናቱማ አንጀቱ አይችልም። አንድ እሑድ ሚስቱ ሥራ በገባችበት ሰዓት መሳቢያውን ከፈተ፣ ካርቶኑን አወጣ፣ እናቱ ፊት ተንበርክኮ በእያንዳንዱ ጉልበታቸው ላይ አንድ አንድ ለጠፈላቸው። «እሷ በሳምንት አንዴ ነው የምትቀይረው» ብሎ በሚቀጥለው እሑድም ለጠፈላቸው። በሦስተኛውም እንዲሁ። «አትንገራት» አሉት እናቱ፤ «ዐይኗን አፍጥጣ ከልክላኝ ነበር፤ ንቀውኝ ነው ትላለች።»

ጉልበቱ ተሻላቸው! መድኃኒቱ የጉልበት ባይሆንም ጉልበቱ ይህን አላወቀም። በቀን ሁለት ጊዜ ደረጃውን ወርደው ይወጡ ጀመር፤ እርግማኑም በግማሽ ቀነሰ። በእርግጥ ትንሽ ያቅለሸልሻቸዋል። ጡታቸውን ያማቸዋል። «እንደ ኮረዳ ጡቴ አጎጠጎጠ እኮ፣ ምን ጉድ ነው!» አሉ አንድ ቀን ምሳ ላይ። ልጃቸው አፍሮ ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። እሷ «ጨጓራ ይሆናል» አለች። ጡትና ጨጓራ ምን እንዳገናኛቸው ማንም አልጠየቃትም።

የእሷን ካርቶን ስትከፍት ባዶ ሆኖ ያገኘችው በዚያው ሰሞን ነው። ገና መኖር ነበረበት። ቆጥሬ ተሳስቼ ይሆናል አለች። የራሷን ጭንቅላት ካመነች ቆይታለች፤ ሌላ ገዛችና የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ አኖረችው። አራተኛው እሑድ ላይ ባሏ መሳቢያውን ቢከፍት የሚለጠፍ ነገር አላገኘም።

ሐሙስ ጠዋት አማቷ ከመታጠቢያ ቤት ጠሯት። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም ነበር።

«ልጄ፣ ነይማ። በሩን ዝጊው።»

የውስጥ ልብሳቸውን አሳዩዋት። ደም ነበር።

«ከተወኝ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው» አሉ። «ታላቅ እህቴን እንዲሁ ነው የጀመራት። እንዲሁ፣ በአንድ ጠዋት። በአምስት ወሯ ቀበርናት።»

ልብሱን ተቀብላ በቀዝቃዛ ውሃ አጠበችው። ደም በቀዝቃዛ ውሃ እንደሚለቅ በሥራዋ ታውቃለች። አማቷ የመታጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እጇን ያዩ ነበር። ያ አፍ ዝም አለ። ባሏ ሲሰማ ፊቱ አመድ መስሎ ለሰኞ ቀጠሮ አስያዘ።

እስከ ሰኞ ያለው ጊዜ አራት ቀን ነበር። አርብ ዕለት አማቷ ሻንጣዎቻቸውን አወጡ። ለሴት ልጃቸው የሚሆነውን በአንድ በኩል፣ ለልጃቸው የሚሆነውን በሌላ በኩል አስቀመጡ። ቅዳሜ ከሰዓት እሷን ጠርተው ግራጫውን የሱፍ ካፖርታቸውን አስታቀፏት።

«ይሄ ያንቺ ነው። ትከሻው ይሰፋሻል፣ አስጠብቢው።»

«እማማ፣ ገና ምን ታወቀና?»

«እኔ አውቃለሁ። የሚያናድደኝ ጉልበቴ በዳነ ማግስት መሆኑ ነው።» እጇን ያዙ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ይቅር በይኝ፤ ሰው መሄጃው ሲቃረብ የሆዱን ቢናገር ይሻላል። ያን ፕላስተርሽን ሰርቄሻለሁ። ልጄ ነው የለጠፈልኝ፤ በሁለቱም ጉልበቴ ላይ። ከልክለሽኝ ነበር፣ እኔ ግን አላስቻለኝም።»

«ስንት ጊዜ?» አለች።

«ሦስት እሑድ። አራተኛው ላይ አለቀ።»

ሦስት ሳምንት ተለጥፎ፣ በአራተኛው ባዶ፣ ከዚያ ደም። እንደ ሰዓት የሚሠራ ነገር ነው፤ በስድሳ አራት ዓመት ሴት ላይም ይሠራል። አፏን ከፈተች። መናገር እንዳለባት ታውቃለች። ቃሉም ምላሷ ላይ ነበረ።

«ውሃ ላምጣልዎት?» አለች።

እሑድም እንዲሁ አለፈ። ሐኪሞቹ ራሳቸው ይደርሱበታል አለች። ደግሞ አይደርሱበትም አለች። አማቷ ሶፋው ላይ ፊታቸውን ወደ ጀርባው አዙረው ተጋድመዋል፤ ባሏ አጠገባቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥኑን ድምፅ በሌለው ያያል። እሷ ቆማ አምስት ሸሚዞቹን ተኮሰች፤ ስድስተኛ ስታጣ የተተኮሰውን አንድ እንደገና አነሳች።

ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ሦስቱም አብረው ገቡ። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ መነጽር ታደርጋለች፣ ስትናገር እየጻፈች ነው።

«እማማ፣ በዚህ ዕድሜ ደም ሲታይ ዝም አይባልም። ማህፀንዎን በአልትራሳውንድ እናያለን። ከዚያ ከውስጡ ትንሽ ናሙና ወስደን እናስመረምራለን።»

«ካንሰር ነው?» አለ ባሏ።

«አሁን ምንም አልልም። እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ምንም የለም፣ ልጄ።»

«ሆርሞን ያለበት ነገር? ኪኒን፣ መርፌ፣ ቅባት?»

«እኔ ምን አውቄ ሆርሞን!»

«ምንም አትወስድም» አለ ባሏ።

ዶክተሯ «የለም» ብላ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አወረደች።

«ፕላስተር ለጥፈዋል» አለች ከበሩ አጠገብ የቆመችው ተኳሿ። የራሷ ድምፅ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ እንደሚናገር ሰው ሆኖ ተሰማት። «የወሊድ መከላከያ ነው። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው። የኔ ነበር። የወገብ ነው ብዬ… ሳያውቁ ነው የለጠፉት። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሳምንት። ጉልበታቸው ላይ።»

ዶክተሯ ቀና ብላ ተራ በተራ አየቻቸው፤ የማን ፊት ምን እንደሚል ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም። ወዲያው ግን ሥራዋን ቀጠለች። የአማቷን ቀሚስ ገልጣ ባታቸውን በጣቷ ጫን ጫን አደረገች። «ያብጥዎታል? ትንፋሽ ያጥርዎታል? በአንድ እግርዎ ብቻ የሚያምዎት ነገር አለ?» አለቻቸው። «በእርስዎ ዕድሜ ይሄ ነገር ደም ሥር ውስጥ ደም ሊያረጋ ይችላል። ዕድለኛ ነዎት።» ከዚያ በማሽኑ አየች። የማህፀናቸው ግድግዳ ትንሽ ወፈር ብሏል፤ ከሆርሞኑ ሊሆን ይችላል። ናሙናው ለጊዜው ይቆይ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ይታዩ፤ ከዚያ በፊት ደም ካዩ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።

አማቷ ቀሚሳቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉ።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «እኔ እንግዲህ… ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ እንዳላረግዝ ነው ስጠበቅ የከረምኩት?»

ዶክተሯ ከንፈሯን ነከሰች። «በደንብ ነው የተጠበቁት፣ እማማ።»

«ባለቤቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ቢሰማ ምን ይል ይሆን?»

ባሏ ብድግ ብሎ ወጣ። በሩን አላጋጨውም፤ እንደ ወትሮው ቀስ ብሎ ነው የዘጋው።

ከሐኪም ቤት ወደ ቤት ሲመለሱ ባሏ ደጅ አድርሷቸው ወደ ሥራ ሄደ። አማቷ ሃምሳ አራቱን ደረጃ ማንንም ሳይረግሙ ወጡ፤ ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ ግን ጀመሩ።

«እኔ ለሞት ተዘጋጅቼ ነበር፣ ታውቂያለሽ? ካፖርቴን ሰጥቼሻለሁ! ቅዳሜ ዕለት ነግሬሽ፣ ውሃ ላምጣልዎት ትይኛለሽ?»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ።»

«ለኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? የኔ አፍ ወንፊት ነው?»

«አዎ፣ ነው።»

አማቷ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ አሰቡበት፣ ዘጉት። «ነውስ» አሉ። ከሶፋው ጠጋ አሉላት። «ተቀመጪ። አራት ወልጄ ሁለት ቀብሬያለሁ። ባልሽ ሦስተኛው ነው። ከሁለተኛው ቀብር በኋላ አልጋ ላይ በወጣሁ ቁጥር ወገቤን አመመኝ፣ ወገቤን አመመኝ እያልኩ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። አባትየው ወገቤን ያላሳየው ወጌሻ የለም። አንቺ ፕላስተር አገኘሽ፤ እኔ ወገብ ብቻ ነበረኝ።»

አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ለምን እንደለጠፍሽው ለሱ አልናገርልሽም» አሉ። «አፌ ወንፊት ቢሆንም ይሄን አልነካም። ራስሽ ተናገሪ።»

ባሏ ስድስት ቀን «እሺ» እና «አይ» ብቻ ተናገረ። አልተሳደበም፣ ሌላ ቦታ አልተኛም። ማክሰኞ ጠዋት እሷ መታጠቢያ ቤት ስትገባ ከአልጋው ላይ ሆኖ የቁልፉን ድምፅ ሲሰማ አየችው፤ ማለት፣ እንደሰማ አወቀች። ፕላስተሩን ለጠፈችው። እስከ አሥር ቆጠረች።

እሑድ የግማሽ ቀን ሥራዋን ጨርሳ ወደ አውቶቡሶቹ ማቆሚያ ሄደች። አውቶቡሱ ግቢው ጥግ ቆሟል፤ እሱ የፊት መስታወቱን በጨርቅ ይወለውላል። ሲያያት ወደ ውስጥ ገብቶ በሩን ከፈተላት። በሩ ተነፈሰና ተከፈተ። እሱ የሹፌሩ ወንበር ላይ፣ እሷ ከኋላው የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዞሮ አላያትም፤ ተሳፋሪ በሚያይበት መስታወት ነው ያያት።

«ምሳ በልተሃል?» አለችው።

«አልበላሁም።»

ግቢው ውስጥ አንድ ሰው ጎማ በብረት ይመታል።

«በየወሩ መታጠቢያ ቤት ስትገቢ እጠብቅሽ ነበር» አለ። «ስትወጪ ፊትሽን አያለሁ። ምንም የለም። በቃ፣ የሚቀጥለው ወር እላለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ተመርምሬያለሁ እኔ።»

«ምን ሆነህ?»

«ጥፋቱ የኔ መስሎኝ። ከሥራ ቀርቼ ሄድኩ። አንዲት ልጅ እግር ነርስ ብልቃጥ ሰጥታኝ፣ ጓዳ አስገብታኝ… ተዪው፣ ወንድ ልጅ እንደዚያ አይዋረድም። ደህና ነህ፣ ምንም የለብህም አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እኔ ደህና ነኝ ካልኩሽ ያንቺ ነው ማለት ይሆናላ። እንዳይሰማሽ ብዬ ወረቀቱን ቀደድኩት።» ጨርቁን በእጁ ጠቀለለው። «አንቺ ግን ታውቂ ነበር።»

የሚሰነዘር ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር። ይህን ግን የምትችልበት ቦታ አጣችለት። ደረቷ አካባቢ የደነዘዘ እግር ላይ ደም ሲመለስ እንደሚነዝረው ዓይነት ነገር ጀመራት። ደስ አይልም።

«ፈርተሽ ነው?» አላት።

«አይመስለኝም። ምንም አልነበረም። ምንም የለም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ። ሸሚዝ እተኩሳለሁ። ላንተ ብነግርህ ደግሞ ለምን ትለኛለህ፤ ለለምን የሚሆን መልስ አልነበረኝም።»

ጨርቁን ፈትቶ እንደገና ጠቀለለው።

«አንቺ አላየሻትም» አለ። «ትያት ወይ ሲሉሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። አልፈረድኩብሽም፤ ዛሬም አልፈርድም። እኔ ግን አየኋት። አቀፍኳት። የቀበርኳትም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ልጄን የማውቃት ብቻዬን ነው፤ የማወራለት ሰው የለኝም። ሌላ ብንወልድ ሁለታችንም የምናየው ይሆናል ብዬ ነው የቸኮልኩት። ልጅ ልጅ ብዬ አይደለም።»

እጇን አንስታ የወንበሩን ብረት ያዘች።

«ምን ትመስል ነበር?»

በመስታወቱ ውስጥ ዐይኑ ተነሳ። በሃያ ወር ውስጥ ይህን ጠይቃው አታውቅም።

«ግንባሯ ያንቺ ነው። ፀጉር ነበራት፣ ብዙ፣ እርጥብ። ጥፍሯ አድጎ ነበር፤ ይቧጭር ነበር። ጆሮዋ ደግሞ የኔ። እሱ እንኳ ባይደርሳት ይሻል ነበር።»

ጆሮዎቹን አየች። ከቆቡ ሥር ወደ ጎን የወጡ፣ ትልልቅ፣ የአውቶቡስ መስታወት የሚመስሉ ጆሮዎች። ከአፍንጫዋ ሳቅ መሰል ትንፋሽ ወጣ፤ ቀጥሎ የመጣው ግን ሳቅ አልነበረም፤ ብዙም አልቆየ። እሱ አልዞረም። ጨርቁን ወደ ኋላ አቀበላት፤ መስታወት የተወለወለበት፣ የሳሙና ሽታ ያለው ጨርቅ ነው። በእሱ ፊቷን ጠረገች።

«እስከ መቼ ነው የምትለጥፊው?» አላት።

«አላውቅም።»

«እሺ። ብቻ ካሁን በኋላ እኔ የማላውቀው አይሁን።»

«እሺ።»

ከዚያ ምሳ በሉ።

አማቷ ደም ዳግም አላዩም። በስድስተኛው ሳምንት ሲታዩ ዶክተሯ «ንጹሕ ነው» አለቻቸው፤ ለጉልበታቸውም የጉልበት መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ እንደ ፕላስተሩ እንዳልሠራላቸው ግን እስከ ዛሬ ይምላሉ። በዚያው ወር ወደ ሴት ልጃቸው ቤት ሄዱ። ልጃቸው የምትኖረው ምድር ላይ ባለ ቤት ነው። ካፖርቱን አስመለሱ፤ «ካልሞትኩ ይበርደኛል» ብለው። ቃላቸውን ለወንድ ልጃቸው ብቻ ጠበቁና ለቀረው ዘመድ ሁሉ ታሪኩን ራሳቸው አዳረሱት፤ በስድሳ አራት ዓመታቸው እንዳያረግዙ እንዴት እንደተጠበቁ እያስመሰሉ፣ ጉልበታቸውን እያሳዩ። ሰው ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ የምራታቸው ገመና አብሮ አለፈ፤ ማንም መለስ ብሎ «ለምን ትለጥፍ ነበር?» አላለም። አማቷ ይህን አስበው ያድርጉት ሳያስቡ፣ እሳቸው ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

ይህን የሚሰሙ ሰዎች ከዚያስ ወለዱ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። እስካሁን አልወለዱም።

አንድ ጠዋት ግን ሁለቱም ሥራ ባልነበራቸው ቀን ባሏ መቃብሩን አሳያት። እሱ ብቻውን ይመላለስ ኖሯል። ትንሽ ቦታ ናት፤ አጥር ሥር፣ ሌሎች ትንንሾች ባሉበት ረድፍ። ሣሩን በእጁ ነቀለ፤ እሷም ጎንበስ ብላ ከወዲህኛው በኩል ነቀለች። አለቀሰች ቢባል ውሸት ይሆናል። ጫማዋ ጠብቧት ነበር፤ ፀሐዩም ማጅራቷን ይፈጃታል፤ ይህን ሁሉ ተሰማት። አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ።

ሲመለሱ እንደ ማንኛውም ሰው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሹፌሩ ልጅ እግር ነው፣ ይፈጥናል። ባሏ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ በየመታጠፊያው ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ጫን ያደርጋል፤ እዚያ ግን ፍሬን የለም።

«ተው፣ ይነዳበት» አለችው።

«ቀድሞ መያዝ ነበረበት» አለ፤ በሚቀጥለው መታጠፊያም ወለሉን ረገጠ።